ለኤሌክትሪኩ ምድጃ የሚሆን ድስት

ለባለቤቴ ለብዙነሽ፣ ለዘነበች እናት፤

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ካንቺ በኋላ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ቦታ ሰላም እንደሆነ በየሳምንቱ በጸሎት ቤት እየሰማሁ ብጠይቅሽ ያላመንኩ ይመስልብኛል። በቤታችን በምናወራበት በወላይትኛ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ስጽፍልሽም ቅር አይበልሽ። ይህን ያህል ዘመን መዝገብ ቤት የሠራ እጅ ብዕር ሲይዝ የሚወጣው አማርኛ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። በምዕራብ በኩል ያፈስ የነበረውን ጣሪያ አስጠግኜዋለሁ። ጠጋኙ ምስማር የቀነሰብኝ ስለመሰለኝ እሱ ሲሄድ መሰላል አቁሜ ወጥቼ አየሁት፤ አልቀነሰም ነበር። ከጓሮ ያለው እንሰትሽ ሰው ይሸፍናል። ልጅሽ ዘነበች ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ አራተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ዝምታዋ ያንቺ ነው፤ አንድ ነገር ስትሠራ ምላሷን ከንፈሯ ጥግ ላይ የምታወጣውም እንዳንቺ ነው።

ዛሬ የተቀመጥኩት ግን ስለ አንድ ድስት ልጽፍልሽ ነው። ሳቂ፤ እኔም ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። በዚያ ድስት ምክንያት ልጃችን ከእጄ ልትወጣ ምንም አልቀራትም።

ነገሩ የጀመረው ከሐዘኑ ማግሥት ነው። ታላቅ እህቴ አየለች ከቤሌ መጥታ ከርማ፣ ልትሄድ ስትነሣ ዘነበችን ይዣት ልሂድ አለች። ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ እንዴት ያሳድጋል፣ ምን ያበላታል፣ ማን ጸጉሯን ያበጥርላታል አለች። እኔም ወዲያው ጠረጠርኳት። ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ድራለች፤ ከወንዝ ውኃ የሚቀዳላት የለም። ፊት ለፊት ይህን አላልኳትም፤ ታላቄ ናት። ብቻ ልጄን እኔው አሳድጋታለሁ አልኳት። በመጨረሻ በዚህ ተስማማን፦ እስከሚቀጥለው ዓመት ዘመን መለወጫችን፣ እስከ ጊፋታ፣ ዘነበች እኔ ጋ ትሆናለች፤ በዓሉ ሲቃረብ አየለች መጥታ ታያታለች። ልጅቷ ከስታ፣ በልታ ሳትጠግብ ካገኘቻት ይዛት ትሄዳለች። በጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ፊት እሺ ብያለሁ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ጎረቤቶች ለጥቂት ጊዜ ምግብ አመላለሱልን፤ እያደር ቀነሰ። አንዲት ሴት ቀጠርኩ። ቅቤው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ መሰለኝና ማሰሮው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ምልክቱን አይታ ሻንጣዋን አንሥታ ሄደች። ቅቤውን ትስረቅ አትስረቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ራሴ ወጥ ቤት ገብቼ እንዳልሠራ ደግሞ የአገሩን ሰው ታውቂዋለሽ። የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጭስ ውስጥ ተቀምጦ ጎመን ሲያማስል ከታየ በማግሥቱ መዝገብ ቤቱ በሙሉ ያወራዋል።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው ምድጃው የመጣው። በመንገዱ ሥራ ላይ የነበረው ፈረንጅ፣ ደብዳቤዎቹን ከመዝገብ ቤት ፈልጌ አገኝለት የነበረው፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የኤሌክትሪክ ምድጃውን በነፃ ሰጠኝ። አንድ ክብ ብረት አናቱ ላይ ያለው፣ ከሥሩ ቁልፍ ያለው፣ በሽቦ የሚሠራ ነገር ነው። በነፃ መስጠቱ አላማረኝም። ሰው ደኅና ዕቃ በነፃ ለምን ይሰጣል ብዬ ሦስት ቀን ሳልነካው ከበር ኋላ አቆየሁት። በኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሶኬቱ ያለው እንግዳ በምንቀበልበት ክፍል ነው፤ ምድጃውም የሚቀመጠው እዚያው ነው። እንግዲህ እዚያ ብሠራ ወጥ ቤት ገባ የሚለኝ ማን ነው? ጭስ የለ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነገር የለ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው የምሠራው። መብራት የሚሰጠው የከተማው ሞተር የሚነሣው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔም ከሥራ የምገባው ያኔ ነው። ለእኔ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ።

መጀመሪያ ያንቺን የሸክላ ድስት ጣድኩበት። ያን ከቅዳሜ ገበያ የገዛነውን፣ ስድስቱን በጣትሽ ቋቋ እያደረግሽ ጆሮሽን አስጠግተሽ ሰምተሽ መልሰሽ ሰባተኛውን የወሰድሽውን። ሸክላ ሠሪዋ ፊቷ ሲጠቁር እኔ አፍሬ የማላውቅሽ ሰው መስዬ ወደ ጨው ተራ ፈቀቅ አልኩ። ያ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ እንዴት እንደሚያምርበት ታውቂያለሽ። በዚህ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ግን ሆዱ ክብ ስለሆነ መሐሉ ብቻ ነካ፤ ዳርና ዳሩ አየር ላይ ቀረ። መሐሉ አረረ፣ ዙሪያው ጥሬ ሆነ፤ በነካሁት ቁጥርም ይወላውላል። ይሰነጠቅብኛል ብዬ ሰጋሁና አጥቤ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። እሱን ከሰበርኩማ በምን ዓይኔ አይሻለሁ።

ቀጥሎ የሰርጋችንን ስጦታ፣ ስሷን የአልሙኒየም ድስት ሞከርኩ። እሷ ደግሞ ስትወድቅ ስትነሣ ኖራ ታችዋ አብጧል፤ በጋለች ቁጥር ይብስባታል። ውኃው መፍላት ሲጀምር በራሷ ጊዜ እየዞረች ከምድጃው ልትወርድ አለች። ዘነበች ሳቀች። ካንቺ በኋላ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ስለዚህ ድስቷን አልተቀየምኳትም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ምድጃ አጠናሁት። እንዲህ ዓይነቱ ምድጃ ነበልባል የለውም፤ ነበልባል ቢሆን ዞሮም ቢሆን የድስቱን ሆድ ይልሳል። ይኼ ግን በነካው ልክ ብቻ ነው የሚያሞቀው። እንግዲያው የድስቱ ታች ልሙጥ መሆን አለበት፤ ሲግል እንዳይጣመም ወፍራም መሆን አለበት፤ ስፋቱም ከብረቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። የምድጃውን ስፋት በክር ለክቼ ቋጠርኩ። ከጽሕፈት ቤት የብረት ማስመሪያዬን ያዝኩ። ዘነበችን አስከትዬ ዕቃ ቤት ካለው ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ።

ሰውዬው ድስት ሲያወርድልኝ እኔ እገለብጣለሁ፤ ማስመሪያውን ታቹ ላይ አጋድሜ ወደ ብርሃን አነሣና በሥሩ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ አያለሁ። የሚያሳልፈውን መለስኩ። ዘነበች ክሩን ትዘረጋለች፤ የሚሰፋውንና የሚጠበውን መለስን። አንዱ ልሙጥ ነበር፤ ግን ሰውዬው በጣም ሲያሞግስልኝ ጠረጠርኩና ጠጋ ብዬ ባየው ጆሮው ተበይዷል። ነጋዴው በመጨረሻ፣ «አንተ ጋሼ፣ ድስት ነው የምትገዛ ወይስ መሬት ነው የምትለካ?» አለኝ። ቀጣዩን ገለበጥኩ። ከመደርደሪያው ታች፣ አቧራ ውስጥ፣ አንድ ጥቁር ከባድ የብረት ድስት ከነክዳኑ አገኘን። ማስመሪያው ሥር ብርሃን አላለፈም። ክሩም ልክ ገጠመ። ያን ያህል ከኋላ የደበቀው ለምን ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ ዘነበች ግን ድስቱን አቅፋ በር ላይ ደርሳ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ውኃ ብቻ አድርጌ ሞከርኩት። ሳላስበው ፈላ። ክዳኑን ሲያንቀጠቅጠው ሁለታችንም ተቀምጠን አየነው። ደስ አለኝ ብዙዬ፤ ልጄ እኔው ጋ ቀረች ብዬ ደስ አለኝ።

ከማግሥቱ ጀምሮ እንዲህ አደረግን። ዘነበች ከሰዓት በኋላ ጎደሬውን ልጣ፣ አጥባ፣ በድስቱ አድርጋ ምድጃው ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ከሥራ ስገባ፣ ሞተሩ ሲነሣ፣ ቁልፉን አዞራለሁ። ስንበላም አንሥታ የምታጥበው እሷ ናት። ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ፣ ያ ድስት መፍላቱን ተወ። አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ለብ ይላል። የተቃጠለ አፈር የሚመስል ሽታ ይሸታል። ስንበላ ጎደሬው ግማሹ ጥሬ ነው፤ ጥሬ ጎደሬ ጉሮሮ እንዴት እንደሚያሳክክ ታውቂያለሽ። የሚያቃጥለውን የበርበሬ ዳጣ አብዝቼ ልሸፍነው ሞከርኩ። እኔ ስስል ዘነበች አንገቷን በጣቷ እያሸች ዝም ብላ ትውጣለች። ጊፋታ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው፤ የልጅቷ ፊት ሹል አለ።

እኔ ደግሞ ያ ጠባዬ ተነሣብኝ። መጀመሪያ ፈረንጁን ጠረጠርኩ፤ ምድጃው ውስጡ የበሰበሰ ነው፣ ሽታውም የሚቃጠል ሽቦ ነው አልኩ። ጠዋት ባየው ክቡ ብረት ላይ ግራጫ ዱቄት አለ፤ ብረቱ እየተበላ ነው አልኩ። ቀጥሎ የሞተሩን ሠራተኛ ጠረጠርኩ፤ በእኔ መስመር ኃይል ይቀንሳል ብዬ ሄጄ አናገርኩት። ምድጃህ በበራ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ይደበዝዛል፣ ሰው የሚከሰው እኔን ነው ብሎ እሱው ተቆጣኝ። ነጋዴው ድስቱን ለውጦብኝ ይሆን ብዬም ማስመሪያዬን ይዤ ድስቱን ገለበጥኩት፤ ታጥቦ ነበር፣ ያው ነው፣ ልሙጥ ነው። ባዶውን ጥጄ ውኃ ባደርግበት ደግሞ ይፈላል። እኔ ስጥደው ይፈላል፤ እሷ ስትጥደው አይፈላም።

ይህን ልብ ያልኩ ዕለት ምን እንዳሰብኩ ልደብቅሽ አልችልም። ዘነበች አክስቷን ትወዳለች። ቤሌ ጥጆች አሉ፣ የምታጫውታቸው የአክስቷ የልጅ ልጆች አሉ። እዚህ ያለው አንድ ዝምተኛ አባትና ጥሬ ጎደሬ ነው። ልጅቷ መሄድ ፈልጋ ይሆናል፤ ልትነግረኝ ፈርታ ምግቡን ታበላሻለች አልኩ። የገዛ ልጄን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እንደ ሐሰተኛ ማኅተም ገልብጬ አየኋት።

ሐሙስ ዕለት ራሴን አመመኝ ብዬ ከቢሮ አሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ። በፊት በር አልገባሁም። በጓሮ ዞሬ፣ ከረባቴን እንዳሰርኩ፣ እንሰቱ መሐል ገብቼ ቆምኩ። ዘነበች ከድሮው ወጥ ቤትሽ በስተኋላ ቁጢጥ ብላለች። አዲሱን ድስት ገልብጣዋለች። አጠገቧ አመድ በጣሳ አለ፤ ውኃ ጨምራ በጣቷ ታሸዋለች። ከዚያ የድስቱን ታች መለሰን ያዘች። ምላሷን ከንፈሯ ጥግ ላይ አውጥታ፣ አንድ ቦታ ሳይቀራት፣ ግድግዳ እንደሚመርግ ሰው ወፈር አድርጋ መረገችው። እኔ በማስመሪያ ፈልጌ ያገኘሁትን ልሙጥ ብረት ጭቃ አለበሰችው።

ከእንሰቱ ውስጥ ወጣሁ። ክፉኛ ደነገጠች። ጮኽኩባት ብዙዬ። ምግቡን የምታበላሽው አንቺ ነሽ፣ ከእኔ ለመሄድ ነው አልኳት። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፣ ልብስሽን እሰሪ፣ ቅዳሜ አክስትሽ ስትመጣ ትወስድሻለች አልኳት። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። አመድ በነካ እጇ ቀሚሷን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። እኔም ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት። ድስቱን ነጥቄ አጠብኩ፣ ጎደሬውን ራሴ ጣድኩ። ጎደሬው በደንብ በሰለ።

አርብ ጠዋት የእሷ ነጠላ በጓሮው በር ሥር ተቋጥሮ አገኘሁት። እንዲህ ከቸኮለችማ ልክ ነበርኩ አልኩ። ጽሕፈት ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ መዝገብ ገልጬ አንድ መስመር ሳላነብ ዋልኩ።

ቅዳሜ አየለች ከቤሌ በሚመጣው መኪና ደረሰች። ቅቤና ማር ይዛ ነበር፤ ይህንንም የመውሰጃ መደለያ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ማታ ሞተሩ ሲነሣ ጎደሬና ጎመን አበስዬ አቀረብኩ። አየለች በላች፤ ደገመች። ወንድሜ አንተ ነህ ይህን የሠራኸው ብላ ምድጃውን ዞራ አየችው፤ ለመንካት ግን አልደፈረችም። ከዚያ ድስቱን ለማጠብ ከዘነበች ጋር ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማኋቸው። ይህንንም ከልምዴ ነው ያደረግሁት፤ አልዋሽሽም።

አየለች የድስቱን ታች አይታ፣ ብረት ስትጥጂ አመድ አትቀቢም እንዴ አለቻት በወላይትኛ። ዘነበችም እቀባ ነበር አለች። እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ አመድ ተቀብቶ የተጣደ ድስት ጥቀርሻ አይዘውም፣ የሚያጥበውም ሰው አይደክምም ብላኛለች አለች። አባቴ ድስቱን በጣም ወዶ ስለገዛው እንዳይጠቁርበት ብዬ ነው፣ በየቀኑ ወፈር አድርጌ የምቀባው አለች። አሁን ግን አባቴ አይወድም።

እዚያው መስኮት ሥር ቁጭ አልኩ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት በቤቴ ድስት ሳይጠቁር ሲወጣ ሲገባ አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ወጥ ቤትሽ ደጃፍ ላይ ቆሜ አላየሁም። አጠናሁት ብዬ የምኮራበትን ምድጃ የዘጋው ያንቺ እጅ ነበር፤ በልጅሽ እጅ በኩል። ለእንጨት እሳት የሚሆነው አመድ በዚህ ምድጃና በድስቱ መሐል ገብቶ ሙቀቱን እንደሚዘጋ ማን ነግሯት ታውቀው? እኔ ክርና ማስመሪያ አስያዝኳት እንጂ ለምን እንደምንለካ አልነገርኳትም።

ቀጥሎ አየለች ቋጠሮውን አነሣችው መሰለኝ፤ ልትመጪ ወስነሻል ማለት ነው፣ አባትሽ ተቆጥቶሻል እንዴ ስትላት ሰማሁ። ወጣሁ። ታላቅ እህቴ ፊት፣ ልጄ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እሷ እንዳይጠቁርብኝ የለፋችውን እኔ ልትሄድ ነው ብዬ ጮኽኩባት፤ ሂጂ ያልኳትም እኔ ነኝ አልኩ። አየለች ቋጠሮውን ለእኔ ሰጠችኝ። ለእህቴም ያሰብኩባትን ነገርኳት፤ ውኃ የሚቀዳላት ልጅ ፈልጋ መስሎኝ እንደነበር። ተቀየመች። ትቀየም፤ ልክ ናት። ልጅቷን ግን አልወሰደችም። ልጅህ በልታ ታድራለች፣ እኔ የፈራሁት እሱን ነበር አለች።

ቋጠሮውን ብቻዬን ሆኜ ፈታሁት። አሮጌ ቀሚሷ ብቻ ነው ያለው። የትምህርት ደብተሮቿ፣ ማበጠሪያዋ፣ የጸሎት ቤት ጫማዋ ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። ተመልሼ ሄጄ፣ ልትሄጂ አልነበረም እንዴ አልኳት። እሰሪ ስላልከኝ ነው ያሰርኩት አለች። ለምንስ አልመለስሽልኝም፣ አመዱን እናቴ ናት ያስተማረችኝ ብትዪኝ ኖሮ አልኳት። ያኔ ነው የነገረችኝ። አንቺ ኦቶና ሆስፒታል ተኝተሽ እኔ ለመድኃኒት በወጣሁበት ሰዓት እጇን ይዘሽ ያልሻትን። አባትሽ መጀመሪያ ይጠረጥራል፣ በኋላ ይጸጸታል፤ በመሐሉ አትመልሺለት፣ የትም አትሂጂ፣ እስኪጸጸት ጠብቂው ብለሻታል።

ብዙዬ፣ ሌላውን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩት እኔ፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለች ሚስቴ እንደጠረጠረችኝ ሳላውቅ ኖርኩ። ጥርጣሬሽም ልክ ነበር። ቂም አልያዝኩብሽም፤ እንዲያውም እንዲህ አድርገሽ ስለምታውቂኝ ናፈቅሽኝ። ከእንግዲህ አንቺን የማስብሽ በመጠየቅ ነው። እናትሽ ሌላ ምን አስተማረችሽ እያልኩ ልጅሽን እጠይቃታለሁ፤ የነገረችኝንም ለክፉ ሳልተረጉም እሰማለሁ። አንቺን የምረሳበት ቀን የለኝም። እሷም በዚህ ቤት ዳግመኛ ልብሷን አታስር።

ልጅሽ እንዳዘዝሻት ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ጠበቀችኝ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ባለቤትሽ
ሶዶ